ንጉሠ ነገሥቱ ሲያለቅስ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ390 ዓ.ም. የተሰሎንቄ ሕዝብ የሚወደው ሠረገላ ነጂ ቢታሰርበት ተቆጥቶ አሳሪውን የጦር አዛዥ ቡተሪክን ገደለ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ወታደር አዘዘ፤ ጥፋተኛና ንጹሕ ሳይለይ ብዙ ሰው ታረደ። ሟቾቹን ሰባት ሺህ የሚያደርሳቸው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈው ቴዎዶሬጦስ ነው።

የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ንጉሡን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መለሰው የሚለውን ትረካ ያስፋፋውም ይኸው ጸሐፊ ነው። ትረካው ያምራል፤ ሠዓሊዎችም ወደውታል። ከጳጳሱ የደረሰን ግን ደብዳቤ ነው። ለጸሐፊ ሳይሰጥ፣ ንጉሡ ብቻውን እንዲያነበው በገዛ እጁ የጻፈው። የዳዊትን ኃጢአትና ንስሐ ያስታውሰዋል፤ አንተ ባለህበት ቅዳሴ አልቀድስም ይለዋል። ልብ እንበል፤ ነውሩን በአዋጅ አልዘራበትም። አደባባይ የወጣው ኀፍረት የንጉሡ የራሱ ነበር። የንግሥና ልብሱን አውልቆ በምእመናን ፊት ተደፍቶ አለቀሰ። በዚያው ዓመት ለልደት በዓል ቁርባን ተፈቀደለት።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የሚላን ሕዝብ አብሮት እንዳለቀሰ አውግስጢኖስ ጽፏል። ተሰሎንቄ ላይ ልጁን የቀበረ ሰው ይቅር ይበል አይበል፣ አውግስጢኖስም አምብሮስዮስም አልጻፉም።