አዲሱ መነጽር አልስማማ ሲል፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ለንደን ውስጥ አውቶቡስ የሚነዳ አንድ ሰው ለምሳሌ ይወሰድ። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል፤ መንገዱን አጥርቶ ቢያይም የዳሽቦርዱ ቁጥር ይደበዝዝበታል። ዓይኑን ተመረመረ፣ ሩቁንም ቅርቡንም በአንድ ሌንስ የሚያሳይ ፕሮግረሲቭ መነጽር አሠራ፣ ሒሳቡንም ከፈለ። ከሳምንት በኋላ መነጽሩን አድርጎ ከሱቁ ሲወጣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ከፍ ዝቅ ይልበታል። መሪ ሲይዝ ፊት ለፊቱ ደኅና ነው፤ የጎን መስታወቱን በዓይኑ ብቻ ሰረቅ አድርጎ ሲያይ ግን ከኋላው የሚመጣው ብስክሌት ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ተመልሶ ሲናገር የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፦ «ዓይንዎ እስኪለምደው ሁለት ሳምንት ይታገሱ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልለመደስ? ገንዘቡ ይመለሳል? ሌላ ይሠራለታል? ወይስ «በልክዎ የተሠራ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ይሸኛል?

ጫማ የጠበበው ሰው ሱቁ ውስጥ ሳለ ያውቀዋል፤ ሬዲዮ ካልሠራም ጆሮ ያለው ሁሉ ይመሰክራል። መነጽር ግን ለአንድ ሰው ዓይን ተለክቶ የሚሠራ፣ ለሌላ የማይሸጥ፣ ማሳየት አለማሳየቱንም ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ዕቃ ነው። ክርክር ሲነሣ ሻጩ «ሌንሱ ትክክል ነው» ይላል፣ ገዥው «አያሳየኝም» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ይህ መጣጥፍ የብሪታኒያን ሕግ መነሻ አድርጎ የሚከራከረው እንዲህ ነው፦ ሕጉ ለመነጽር ገዥ የሰጠው ጥበቃ ገዥዎችም ሆኑ ሱቆች ከሚገምቱት የጠነከረ ነው፤ ጥንካሬውን የሚወስኑት ግን ስሕተቱ የገባበት የሥራ ደረጃና ከግዢው በፊት የተነገረው ቃል ናቸው።

ስሕተት የሚገባባቸው በሮች

መነጽር በሦስት እጅ ያልፋል፦ በመርማሪው፣ በሌንስ ሠሪው፣ ፊት ላይ ለክቶ በሚገጥመው ባለሙያ።

የምርመራው ውጤት በከፊል የተመርማሪው ቃል ነው። መርማሪው ሌንስ እየቀያየረ «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» ሲል የሚሰጠው መልስ ራሱ የልኬቱ አካል ይሆናል። ደክሞ የመጣ ሰው ሊሳሳት ይችላል። የደም ስኳሩ የሚዋዥቅ የስኳር ሕመምተኛም በዚያ ቀን የተለካለት ፓወር (የሌንስ ኃይል) ከሳምንታት በኋላ ላይስማማው ይችላል፤ የስኳር መጠኑ መለዋወጥ የዓይንን ብርሃን የማጠፍ ኃይል ይለውጣልና። አስቲግማቲዝም፣ ማለትም ዓይን ብርሃንን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለማጠፉ፣ ካለ ደግሞ ማዘዣው ላይ የእርማቱ መጠን (ሲሊንደር) እና አቅጣጫው (አክሲስ) ይጻፋሉ። እዚህ ላይ የአቅጣጫ ስሕተት ዋጋው ከባድ ነው፦ ሲሊንደሩ ከትክክለኛው አክሲስ በ30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ቢገጠም የሚቀረው አስቲግማቲዝም መጀመሪያ ከነበረው ጋር እኩል ይሆናል። ሰውየው ያለ እርማት እንደቀረ ይቆጠራል፤ ገንዘቡ ግን ተከፍሏል።

የሌንስ ሠሪው ስሕተት ለማረጋገጥ ከሁሉም ይቀላል። ሌንሶሜትር የሚባለው መሣሪያ የተሠራውን ሌንስ ፓወር በደቂቃዎች ውስጥ ያነባል። አይኤስኦ 21987 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለተለመደው ነጠላ ፓወር ሌንስ፣ እስከ 6 ዲዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ድረስ፣ የሚፈቅደው ልዩነት 0.12 ዲዮፕተር ነው። ማዘዣው በ0.25 ደረጃ ስለሚጻፍ ሌንሱ ከታዘዘው ሙሉ አንድ ደረጃ ከራቀ ከተፈቀደው ልክ ወጥቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው በር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። የሌንሱ ማዕከል ከዓይን ብሌን ፊት መዋል አለበት፤ ለዚህም በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ይለካል። አሜሪካዊው ቻርልስ ፕሬንቲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስቀመጠው ስሌት ቀላል ነው፦ ዓይን ከማዕከሉ የራቀበት ርቀት በሴንቲሜትር ተለክቶ በሌንሱ ፓወር ሲባዛ የሚፈጠረውን ፕሪዝም ይሰጣል። የብሌኖቹ ርቀት 60 ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ ሌንሶቹ ለ64 ቢተከሉ እያንዳንዱ ዓይን በ2 ሚሊሜትር ይስታል። ፓወሩ 5 ዲዮፕተር ከሆነ በእያንዳንዱ ዓይን 1 ፕሪዝም ዲዮፕተር ይፈጠራል፤ ይህም በአንድ ሜትር ርቀት ያለውን ምስል 1 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ይገፋል። ሁለቱን ምስሎች አንድ ለማድረግ የዓይን ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ይታገላል፤ ማታ ላይ ራስ ምታት ይመጣል። ሌንሶሜትሩ ግን ፓወሩን ብቻ ካነበበ «ትክክል ነው» ይላል።

አራተኛው ሁኔታ ሁሉም በትክክል ሠርተው መነጽሩ የማይስማማበት ነው። ፕሮግረሲቭ ሌንስ የፈረንሳዊው መሐንዲስ የበርናር ሜትናዝ ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1959 ቫሪሉክስ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ጀርመናዊው ሒሳብ አዋቂ ጉንተር ሚንክቪትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 የዚህን ሌንስ የማይቀር ዕዳ በቀመር አሳየ፦ ፓወሩ ከላይ ወደ ታች በሚጨምርበት ፍጥነት እጥፍ፣ ወደ ጎን የማይፈለግ አስቲግማቲዝም ያድጋል። የሹፌሩ የጎን መስታወት የደበዘዘው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሠሪው አልተሳሳተም፤ የጎኑ ብዥታ ከሌንሱ ተፈጥሮ የመጣ ነው። ታዲያ ገዥው ምን መብት አለው?

ጥርስ፣ ካፖርትና መነጽር

መልሱን ለማግኘት ከመነጽር ቤት ወጥቶ ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1943 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሳሙኤልስና በዴቪስ መካከል የተነሣውን ክርክር ተመለከተ። አንድ የጥርስ ሐኪም ለአንዲት ሴት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠራ፤ ባልየው «አይሆንም» ብሎ ዋጋውን አልከፍልም አለ። ሐኪሙ የሸጠው ዕቃ ነው ወይስ የሰጠው ሙያ? ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ በዚህ ስያሜ አይወሰንም አለ፤ ሐኪሙ ለታወቀ አፍ የሠራው ጥርስ ለታለመለት አገልግሎት በተገቢው መጠን ብቁ መሆን አለበት። ለአንድ ሰው ዓይን የሚሠራ መነጽርም ከዚህ የሚለይበት ምክንያት የለም።

በተቃራኒው የቆመው እ.ኤ.አ. የ1939ኙ የግሪፊትስና የፒተር ኮንዌይ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት ከሃሪስ ትዊድ ጨርቅ የተሰፋ ካፖርት ገዛችና ቆዳዋ ቆሰለ። ካፖርቱ ግን ጤናማ ቆዳ ላለው ሰው ምንም አልነበረበትም፤ የእሷ ቆዳ ከተለመደው ውጪ ስስ ነበር፣ ይህንንም ለሻጩ አልነገረችም። ተሸነፈች።

እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ጀምሮ የጸናው የብሪታኒያ የሸማቾች መብት ሕግ እነዚህን መስመሮች ይዟል። አንቀጽ 9 ዕቃው አጥጋቢ ጥራት እንዲኖረው፣ አንቀጽ 10 ገዥው ከውሉ በፊት ላሳወቀው ልዩ አገልግሎት ብቁ እንዲሆን፣ አንቀጽ 11 ከተነገረለት መግለጫ ጋር እንዲስማማ ያስገድዳሉ። ለመነጽር ወሳኙ አንቀጽ 10 ነው። «አውቶቡስ ነው የምነዳው» ብሎ የተናገረ ገዥ መነጽሩ ለመንዳት ብቁ እንዲሆን ሻጩን አስሯል። ሻጩም የጎን መስታወት ችግር እንደሚኖር አስጠንቅቆ ሌላ ዓይነት ሌንስ መምከር ነበረበት። ሳይናገር የገዛው ግን ወደ ካፖርቷ ሴት ይጠጋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። ምርመራው አገልግሎት ነው፤ በአንቀጽ 49 መሠረት ከመርማሪው የሚጠየቀው ተገቢ ጥንቃቄና ሙያ ብቻ ነው። መነጽሩ ግን ዕቃ ነው፤ ብቁ ካልሆነ ሻጩ «ተጠንቅቄ ነበር» ማለቱ አያድነውም። መርማሪውም ሻጩም አንድ ቤት ከሆኑ ገዥው በዚያ ቤት ሙያ ተማምኖ ነውና የገዛው አቋሙ ጠንካራ ነው። ማዘዣውን ከሌላ ቦታ ይዞ ከመጣ ግን ሌንስ ሠሪው «የታዘዝኩትን ሠራሁ» ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ወደ መርማሪው ይዞራል፣ ማስረጃውም ይከብዳል።

ሠላሳ ቀንና «ይለምዱታል»

የገዥው ትልቁ መሣሪያ የአጭር ጊዜ የመመለስ መብት ነው። ዕቃው ሕጉ የሚጠይቀውን ካላሟላ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ዋጋውን መውሰድ ይችላል። ሱቁ ግን «ሁለት ሳምንት ይታገሱ» ሲለው ከ30ው ቀን 14ቱ ሄዱ። ከዚያ ቀጠሮ ይያዝና ሌላ ሳምንት ያልፋል። ምክሩ በራሱ ሐሰት አይደለም፤ አንጎል አዲስ ፓወርና አዲስ አክሲስ ለመልመድ በእርግጥ ቀናት ይፈልጋል። ሰዓቱ ግን እየቆጠረ ነው።

ሕጉ ለዚህ የከፈተው መውጫ አለ። ገዥው እንዲጠገንለት ወይም እንዲቀየርለት ከጠየቀ ቆጠራው ይቆማል፤ የተስተካከለው ዕቃ ከተመለሰለት በኋላ የቀረው ቀን ከሰባት ካነሰ ሰባት ቀን ያገኛል። ስለዚህ «ልታገስ» ብሎ ዝም ማለትና «አልሆነኝም፣ አስተካክሉልኝ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ውጤታቸው የተለያየ ነው።

ከ30 ቀን በኋላም መብቱ አይሞትም። ሻጩ አንድ ጊዜ የመጠገን ወይም የመቀየር ዕድል ያገኛል፤ ያ ካልሠራ ገዥው ዋጋ ማስቀነስ ወይም መነጽሩን መመለስ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የታየ ጉድለት ርክክቡ ሲፈጸም እንደነበረ ይገመታል፤ አልነበረም የሚለው ሻጭ ማስረዳት አለበት። «የተሸጠ መነጽር አይመለስም» የሚለው የግድግዳ ማስታወቂያም እነዚህን መብቶች አያስቀርም፤ ሻጭ በውል ሊሸሽባቸው እንደማይችል ያው ሕግ በአንቀጽ 31 ደንግጓል።

በስልክ የታዘዘ መነጽር

በኢንተርኔት የገዛ ሰው ሌላ ሕግ ይጠቅስ ይሆናል፦ ከሩቅ የተገዛን ዕቃ ያለ ምክንያት በ14 ቀን የመመለስ መብት። እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የብሪታኒያ ደንብ ግን በገዥው ዝርዝር መሠረት የተሠሩ ዕቃዎችን ከዚህ መብት ያወጣል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ሞበል ክራፍት የተባለ የጀርመን ድርጅት ለቤት ተለክቶ በሚሠራ ኩሽና ላይ ባነሣው ክርክር፣ ሥራው ገና ባይጀመር እንኳ ይህ ልዩ ሁኔታ እንደሚጸና ወስኗል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ የመመለስ መብት ግን በኢንተርኔትም ቢሆን አይነካም።

ጉድለቱም ብርቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፕቶሜትሪ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አሥር ሰዎች ከአሥር የኢንተርኔት ሻጮች ያዘዟቸውን መነጽሮች መረመረ። ከደረሱት 154 መነጽሮች 44.8 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንድ የእይታ ወይም የግጭት መቋቋም መመዘኛ ወደቁ። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ መርማሪው ከምርመራው በኋላ ወዲያው ማዘዣውን የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የብሌኖች ርቀት ግን የምርመራው አካል ስላልሆነ ማዘዣው ላይ ላይገኝ ይችላል። ቤቱ በመስታወት ፊት በማስመሪያ ለክቶ ቁጥሩን ራሱ የሞላ ገዥ፣ ስሕተቱ እዚያ ከሆነ ሻጩን ለመያዝ ይቸገራል።

የኢትዮጵያ ሕግም ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2289 ዕቃ ጉድለት አለበት የሚባልባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፣ በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገውን ጠባይ ማጣቱን አንዱ አድርጎታል። ገዥውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በበኩሉ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትንና ለደረሰ ጉዳት ካሣ የመጠየቅን መብት አስፍሯል። አዲስ አበባ ውስጥ መነጽር የሚያሠራ ሰውና ለንደን ያለው ወንድሙ በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ናቸው፦ ሁለቱም ለምን እንደሚጠቀሙበት አስቀድመው ቢያስጽፉ ያተርፋሉ።

ሹፌሩ ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው እርምጃ ፍርድ ቤት መሄድ አይደለም። ማዘዣውን፣ ደረሰኙንና የትዕዛዝ ወረቀቱን ይዞ መመለስ፣ ሌንሱ በሌንሶሜትር እንዲነበብና ማዕከሉ ፊቱ ላይ እንዲለካ መጠየቅ፣ የታየውን ቁጥርና የተናገረበትን ቀን አስጽፎ መያዝ ይበቃል። መግባባት ካልተቻለ የኦፕቲክስ ሸማቾች ቅሬታ አገልግሎት በነጻ ያደራድራል፤ ሻጩን ግን ካሣ እንዲከፍል ማስገደድ አይችልም። ከዚያ የሚቀረው በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርሱ ጉዳዮች የሚታዩበት የአነስተኛ ክርክሮች ችሎት ነው።

እዚያ ሲደርስ ነገሩ በአንድ ወረቀት ላይ ይንጠለጠላል። የትዕዛዝ ቅጹ ላይ «የአውቶቡስ ሹፌር፤ ለመንዳት» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ሌንሱ በሌንሶሜትር ትክክል ቢሆንም እንኳ ለተነገረው ሥራ ብቁ አይደለም ብሎ የመከራከሪያ መሠረት አለው። ከሌለና በቃልም መናገሩን የሚያስረዳለት ካጣ፣ መነጽሩ ለሌላው ሰው ደኅና እስከሆነ ድረስ የሚጠብቀው የሱቁን በጎ ፈቃድ ነው። ሱቆች ሥራንና የአጠቃቀም ሁኔታን የሚጠይቅ አንድ መስመር ቅጻቸው ላይ ቢጨምሩ ክርክሩ ገና ሳይነሣ ይቀንስ ነበር፤ እስከዚያው ያንን መስመር ማስጻፍ የገዥው ሥራ ነው።