ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት
አዲስ አበባ፣ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ

በ1901 ዓ.ም. ይህ የመንግሥት ትምህርት ቤት በሩን ከፈተ። አጼ ምኒልክ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ባለሙያዎች ፈለጉ፤ ቤተ ክህነት ግን አውሮፓውያን መምህራን የልጆቹን ሃይማኖት እንዳያናውጡ ሰጋች። ሁለቱንም ወገን ያስማማው መላ ብልሃት የተሞላበት ነበር፤ መምህራኑ ከግብጽ ኮፕት ክርስቲያኖች ዘንድ መጡ፤ በእምነት ቅርብ ናቸውና። ትምህርቱ ወደ ቋንቋ አዘነበለ፦ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛ፣ አረብኛ፣ አማርኛ፣ ግዕዝ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች ነበሩ፤ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ተፈሪ መኮንንም ከመካከላቸው ይገኙበታል። ለመኳንንት ልጆች የተከፈተው ደጅ ዛሬ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ሊያኮራን ይገባል፤ ትምህርት ቤቱ አሁንም የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።