ቤንዚን፣ ብርድና የቆመ ሞተርሳይክል

በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዶ በሚወርድባቸው ወራት ሞተርሳይክልን መጠለያ ውስጥ አቁሞ ማክረም የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1997 ተሽከርካሪው የሚነዳባቸው ወራት የተመለከቱበትን ወቅታዊ ሰሌዳ ሥራ ላይ ስታውል ልማዱ የሕግ መልክ ያዘ። ወራት ቆሞ በጸደይ የሚነሣው ሞተር ሲያስቸግር፣ በተለይም በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይጨመርለት በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ፣ ደጋግሞ ሲጠፋ፣ ባለቤቱ የማሽኑን እርጅና ይጠረጥራል። የችግሩ ታሪክ የሚያሳየው ግን ጥፋቱ በአመዛኙ የቤንዚኑ መሆኑን፣ የቤንዚኑም ብልሽት ከአመራረቱ ጋር እየተለዋወጠ መምጣቱን ነው።

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ እ.ኤ.አ. በ1885 የእንጨት አካል ያለውን ሞተርሳይክላቸውን በሠሩበት ዘመን፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያዋህደው ካርቡሬተር አየሩ የቤንዚኑን ትነት ይዞ እንዲያልፍ ከማድረግ ያለፈ ሥራ ስላልነበረው፣ ቀላሉ የቤንዚን ክፍል ቀድሞ ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው ከባዱ ክፍል ሞተር ለማስነሣት ይቸግር ነበር። ማይባኽ እ.ኤ.አ. በ1893 ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ አሳልፎ ወደ አየሩ የሚረጭ ካርቡሬተር ሲፈጥር ይህ ችግር ቀለለ፤ ድክመቱ ግን ወደ ቀዳዳው ተዛወረ፤ በብዙ ሞተርሳይክሎች ላይ የሚኒሞው ቀዳዳ ስፋት ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነውና።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው ከማጣሪያ ፋብሪካ ነው። የመኪና ብዛት ከድፍድፍ ዘይት በቀጥታ ተጣርቶ የሚገኘውን ቤንዚን በቂ እንዳይሆን ስላደረገው፣ ዊልያም በርተን በኢንዲያናው ስታንዳርድ ኦይል ከባድ ዘይትን በሙቀትና በግፊት ሰባብሮ ቤንዚን የማውጣት ዘዴን እ.ኤ.አ. በ1913 ሥራ ላይ አዋለ። በዚህ ዘዴ የሚገኘው ቤንዚን ከኦክስጅን ጋር በቀላሉ የሚዋሐዱ ሞለኪውሎች ስለሚበዙበት፣ ሲቆይ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ያበጃል፤ በኋላ የተጨመሩት መከላከያ ኬሚካሎችም ሂደቱን ያዘገዩታል እንጂ ጨርሰው አያስቀሩትም። በካርቡሬተሩ ጽዋ ውስጥ የቀረው ቤንዚን በክረምቱ ተንኖ ሲያልቅ ሙጫው ከቀዳዳው ላይ ይደርቃል፤ በፍጥነት ሲነዳ ደኅና የሚሄድ ሞተር በሚኒሞ የሚጠፋው፣ ወይም ቾክ፣ ማለትም አየሩን ቀንሶ የነዳጁን ድርሻ የሚያበዛው መሣሪያ፣ ካልተሳበለት የማይሠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1969 ባለአራት ሲሊንደሩን ሲቢ 750 ለገበያ ሲያቀርብ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱን ካርቡሬተር ስለሰጠው፣ ቀድሞ በአንድ ካርቡሬተር ላይ ያልቅ የነበረው የጽዳት ሥራ አራት እጥፍ ሆነ። አንዱ ሲዘጋ ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ስለሚሠራ፣ መካኒኮች ሞተሩ እንደተነሣ በየጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ በማድረግ የማይሞቀውን መለየት ለመዱ፤ ይህ ቀላል ዘዴ ዛሬም ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

የቅርቡ ዘመን ጣጣ ኢታኖል፣ ማለትም ከእህልና ከመሳሰለው የሚወጣው አልኮል ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለውን ቤንዚን መደበኛ አድርጋለች። ኢታኖል እርጥበት ስለሚስብ፣ ውኃው ሲበዛ ከአልኮሉ ጋር ተለይቶ ወደ ታንኩ ግርጌ ይወርዳል፤ ነዳጅ የሚቀዳውም ከዚያው ነው። ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1980 በዜድ 1000 ኤች 1 ላይ ያስገባው የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ ካርቡሬተሩን ቢያስቀርም፣ ሞተሩን ይበልጥ የባትሪ ጥገኛ አድርጎታል፤ ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈጠረው የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሳይነካም ኃይሉ ይቀንሳል፣ ባዶ ሲሆንም አሲዱ ወደ ውኃነት ስለሚቀርብ በብርድ ይረጋል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው መካኒኮች ምርመራውን ከባትሪው ጀምረው፣ አሮጌውን ቤንዚን አፍስሰው፣ ካንዴላውን አይተው ካርቡሬተሩን በመጨረሻ ይፈታሉ። የተዘጋውን ቀዳዳ በማሟሟያ ፈሳሽና በአየር ግፊት ያጸዳሉ እንጂ በብረት ሽቦ አይጎረጉሩትም፤ ቀዳዳው የተበሳበት ናስ ለስላሳ በመሆኑ በጥቂቱ እንኳ ከሰፋ የነዳጁና የአየሩ መጠን ይዛባል፣ ያኔም ክፍሉን ከመለወጥ ሌላ መፍትሔ አይኖርም።