የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሰንሰለት እንክብካቤ

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሰንሰለት እንክብካቤ ማለት በባትሪና በሞተር የሚታገዝ ብስክሌት ሰንሰለትን (በተለምዶ ካቴና የሚባለውን) በየጊዜው ማጽዳት፣ ዘይት መቀባትና የተበላበትን መጠን መለካት ነው። ሥራው ከተራ ብስክሌት ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ ኃይሉን በሰንሰለቱ በኩል በሚያስተላልፍ ብስክሌት ላይ ሰንሰለቱ ቶሎ ይበላል። ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱ ሲደርቅ ወይም ሲቆሽሽ የሚመጣውን ክብደት ሞተሩ ስለሚሸፍነው ነጂው በእግሩ አይሰማውም። ስለዚህ ይህ ሰንሰለት በማየት፣ በማዳመጥና በመለካት መጠበቅ አለበት።

የሰንሰለቱ አሠራር

የዛሬው የብስክሌት ሰንሰለት መነሻ ባለሮለር ሰንሰለት ነው። የባለቤትነት መብቱን በ1880 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ስዊዘርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ማንችስተር ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሃንስ ረኖልድ ነው። ሰንሰለቱ የውስጥና የውጭ ዝርግ ብረቶች፣ እነሱን የሚያያይዙ ፒኖችና በፒኖቹ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ሮለሮች አሉት። ከአንድ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው።

ሰንሰለቱ ባለጥርስ ማርሽ ላይ ሲጠቀለል እያንዳንዱ ቀለበት በፒኑ ላይ ይታጠፋል፤ ሲለቅም ይዘረጋል። ሰበቃው በዋናነት የሚፈጠረው እዚህ፣ ከውጭ በማይታየው የፒኑ ዙሪያ ነው። ዘይት የሚያስፈልገውም ይህ ቦታ ነው። በሰንሰለቱ ውጫዊ ገጽ ላይ የሚቀር ዘይት ዝገትን በጥቂቱ ከመከላከል በቀር ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም አቧራ ይሰበስባል።

የሞተሩ አቀማመጥ

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር በብዛት ከሁለት ቦታዎች በአንዱ ይገጠማል።

በጎማ መሃል፦ ሞተሩ ጎማውን ራሱ ያዞራል። ሰንሰለቱ የሚሸከመው የነጂውን የእግር ኃይል ብቻ ስለሆነ አበላሉ ከተራ ብስክሌት ጋር ይቀራረባል።

በፔዳሎቹ መሃል፦ የነጂውም የሞተሩም ኃይል በአንድ ሰንሰለት በኩል ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። ከእነዚህ ሞተሮች አንዳንዶቹ 85 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል ይሰጣሉ። የፊቱ ማርሽ 38 ጥርስ ቢኖረው ከመሃሉ እስከ ሰንሰለቱ ያለው ርቀት 77 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ስሌት ሞተሩ ብቻውን ሰንሰለቱን ከ1,100 ኒውተን በላይ በሆነ ኃይል ይጎትተዋል። ይህም 110 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ ሰንሰለቱ ላይ ቢንጠለጠል ከሚፈጥረው ጉተታ ጋር እኩል ነው። የነጂው እግር ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራል።

ሰንሰለት ለምን ይበላል?

ያረጀ ሰንሰለት «ረዘመ» ወይም «ላላ» ይባላል። በእርግጥ ግን ብረቱ አልተሳበም፤ ፒኑና ፒኑ የሚገባበት ቀዳዳ ተፋግተው ክፍተት ፈጥረዋል። በአንድ ሰንሰለት ላይ ከመቶ በላይ ቀለበቶች ስላሉ የእያንዳንዱ ጥቂት ክፍተት ሲደመር ሰንሰለቱ በግልጽ ይረዝማል።

ለዚህ ዋናው ምክንያት አሸዋና አቧራ ነው። ደቃቅ አሸዋ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረት የሚሞርድ ጥቁር ለጥፍ ይሆናል። በቆሸሸ ሰንሰለት ላይ አዲስ ዘይት መጨመር ይህን ለጥፍ አቅጥኖ ወደ ፒኖቹ ያስገባዋል። ስለዚህ ማጽዳት ከመቀባት ይቀድማል።

የተበላ ሰንሰለት የማርሾቹን ጥርሶችም ይበላል። ጥርሶቹ ሲሾሉ ሰንሰለቱ በኃይል በተረገጠ ጊዜ ይዘላል። በተለይ በዳገት ላይ ሞተሩ እየገፋ ሳለ ሰንሰለቱ ቢዘል ወይም ቢበጠስ ፔዳሉ በድንገት ባዶ ስለሚሆን ነጂው ሊወድቅ ይችላል።

ከጽዳት በፊት

ሞተሩ ይጠፋል፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነም ይወጣል። ብዙ ሞተሮች ፔዳሉ ሲረገጥ በራሳቸው ይነሳሉ። በእጅ የሚጠመዘዝ ጋዝ ያላቸውም በስህተት ሊነኩ ይችላሉ። በሰንሰለትና በማርሽ መካከል የገባ ጣት ክፉኛ ሊጎዳ ወይም ሊቆረጥ ይችላል።

ብስክሌቱ የኋላ ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ተደርጎ በመቆሚያ ላይ ይቆማል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከባድ ስለሆነ መቆሚያው ክብደቱን የሚችል መሆን አለበት። ገልብጦ በመሪው ላይ ማቆም ስክሪኑንና በመሪው ላይ ያሉትን ቁልፎች ሊሰብር ይችላል።

አጸዳድ

1. ሰንሰለቱ በደረቅ ጨርቅ ይያዛል፤ ፔዳሉ በዝግታ ወደ ኋላ እየተሽከረከረም ይወለወላል። ወደ ኋላ ሲዞር ሰንሰለቱን በማያንቀሳቅስ ብስክሌት ላይ ፔዳሉ በዝግታ ወደ ፊት ይዞራል፤ ጣት ግን ከማርሾቹ መራቅ አለበት።
2. በማርሾቹ ጥርሶችና በማርሽ ቀያሪው ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ላይ የተጋገረው ጥቁር ቆሻሻ በትንሽ እንጨት ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፋቃል።
3. ቆሻሻው ካልለቀቀ ብሩሹ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ወይም ለብስክሌት በተሠራ ቅባት አስለቃቂ ይነከራል፤ ሰንሰለቱም በአራቱም ጎን ይፈተጋል።
4. በጥቂት ንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፤ በጨርቅ ይደርቃል፤ ከዚያም አየር ላይ ይቆያል። እርጥብ ሰንሰለት ከተቀባ ውኃው ውስጥ ስለሚቀር ዝገት ያመጣል።

በኃይል የሚረጭ የውኃ ቱቦ መጠቀም አይገባም። የሞተሩ ሽፋን ዝናብንና ፍንጣሪን እንጂ እንዲህ ያለውን ግፊት እንዲቋቋም አልተሠራም። ውኃው ወደ ኩሽኔታዎችም ገብቶ ግሪሱን ያጥባል። ቤንዚን በቀላሉ የሚቀጣጠልና ጭሱም የሚጎዳ በመሆኑ ለዚህ ሥራ አይመከርም። የዝገት ማስለቀቂያና ሌሎች አሲድ ወይም አልካሊ ያለባቸው ፈሳሾች ሰንሰለቱን እስከ መበጠስ ሊያደርሱ ስለሚችሉ አምራቹ ሺማኖ በመመሪያው ይከለክላል።

ዘይት አቀባብ

በሰንሰለቱ የውስጥ ጎን፣ ማለትም ማርሹን በሚነካው በኩል፣ በእያንዳንዱ ሮለር ላይ አንድ ጠብታ ይደረጋል። አንድ ሙሉ ዙር ይበቃል። ከዚያ ፔዳሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ እንዲሰርግም ጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቃል። በመጨረሻ በውጭ የቀረው ዘይት በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ይጠረጋል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በትክክል የተቀባ ሰንሰለት ሲነካ ደረቅ ሊመስል ይገባል።

በሚረጭ ጣሳ የሚመጣ ዘይት በቀላሉ ወደ ዲስክ ፍሬን ስለሚደርስ አደገኛ ነው። ዘይት የነካው ፍሬን የመያዝ ኃይሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ ከተራው ስለሚከብድ ለማቆም የበለጠ ኃይል ይፈልጋል።

የማለስለሻ ዓይነቶች

ወፍራም ዘይት፦ በዝናብ ቶሎ አይታጠብም፤ ነገር ግን አቧራ ይይዛል። ለክረምትና ለጭቃ መንገድ ይስማማል።

ደረቅ ማለስለሻ፦ ሲቀባ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ሲተን ቀጭን ሽፋን ይተዋል። ለበጋና ለአቧራማ መንገድ ይሻላል፤ በዝናብ ግን ቶሎ ይለቃል። ከመነዳቱ በፊት ለጥቂት ሰዓታት መቆየት አለበት።

ሰም፦ ሰንሰለቱ ወጥቶና ፍጹም ጸድቶ በቀለጠ ፓራፊን ውስጥ ይነከራል። አቧራ ብዙም አይዝም፤ ዝግጅቱ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ደቃቅ ብረትና ጥቀርሻ ስላለበት አይሆንም። ግሪስም ወፍራም ስለሆነ በፋብሪካ እንደሚደረገው በሙቀት ካልቀለጠ ወደ ፒኖቹ አይገባም።

መቼ ይጸዳል?

ለሁሉም የሚሆን የኪሎ ሜትር ቁጥር የለም፤ መንገዱና አየሩ ይወስናሉ። ሰንሰለቱ ሲንሲያጠጥ፣ ሮለሮቹ ደርቀው ሲያብረቀርቁ፣ ወይም ሲነካ ጣት ላይ ጥቁር ለጥፍ ሲቀር ጊዜው ደርሷል። በዝናብ ከተነዳ በኋላ ግን ወዲያው ማድረቅና መቀባት ይመከራል።

መለካትና መለወጥ

ሰንሰለቱ ተወጥሮ ከአንድ ፒን መሃል እስከ 25ኛው ፒን መሃል በማስመሪያ ይለካል። አዲስ ሲሆን ርቀቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመዱት የመለወጫ ልኮች እነዚህ ናቸው፦

ከኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ላለው፦ 0.5 በመቶ ሲረዝም (306.3 ሚሊ ሜትር)
10 ወይም ከዚያ በታች ላለው፦ 0.75 በመቶ ሲረዝም (307.1 ሚሊ ሜትር)
በአንድ ማርሽ ብቻ ለሚሠራ፦ 1 በመቶ ሲረዝም (307.8 ሚሊ ሜትር)

ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ለዚሁ የተሠራ መለኪያ መጠቀም ይሻላል። ሰንሰለቱ በጊዜው ከተለወጠ ማርሾቹ በርካታ ሰንሰለቶችን ያገለግላሉ። ከዘገየ ግን አዲሱ ሰንሰለት በተበሉት ጥርሶች ላይ ስለሚዘል ማርሾቹም አብረው ይለወጣሉ፤ ይህም ወጪውን በእጅጉ ያበዛዋል።

ነጂውም ድርሻ አለው። ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየጎተተ ማርሽ መቀየር ሰንሰለቱን ያጎብጣል ወይም ይበጥሳል። ከመቀየር በፊት ፔዳሉን ለአፍታ ቀለል አድርጎ መርገጥ ሞተሩም ኃይሉን እንዲቀንስ ያደርገዋል።

ዘይት የማይቀባቸው

አንዳንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች በሰንሰለት ፋንታ ባለጥርስ ቺንጋ አላቸው። ቺንጋ በውኃና በብሩሽ ይጸዳል እንጂ ዘይት አይቀባም።