ቦሎና ብየዳ

አባቴ መርካቶ ውስጥ ላሜራ ሠሪ ነበር። እኔም መዶሻ እያቀበልኩት አድጌ፣ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያው ሙያ ኖርኩ። የሥራችን ቋንቋ በአብዛኛው ከጣሊያን የቀረ ነው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ታርጋ። በየዓመቱ መስታወት ላይ የምንለጥፈው ቦሎም ከዚያው የመጣ ነው። ጣሊያኖች ግን ቦሎ የሚሉት ማኅተሙን ነው፤ ለመኪና ሲሆን ደግሞ የሚከፈለውን ግብር። ለምርመራው ሌላ ስም አላቸው። እኛ የግብሩን ስም ለምርመራው ሰጠነው። ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ቦሎ ላሳድስ» ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው በልቡ የሚሄደው ወረቀት ሊያወጣ እንጂ መኪናውን ሊያስመረምር አይደለም።

የእኛ አገር መኪና ደግሞ ምርመራ አጥብቆ የሚሻ ነው፤ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚኖረው ጥቂቱ ነውና። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለአፄ ምኒልክ መኪና ካመጣ ወዲህ፣ የመጣልንን ከመንገዳችንና ከኪሳችን ጋር እያስማማን ኖረናል። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ዞረ። ቆይቶ መሪያቸው በቀኝ የነበረ የጃፓን መኪኖች መሪያቸው ወደ ግራ እየዞረ ይመጡልን ጀመር። እንዲህ ያለ መኪና እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ዳሽቦርዱን ሳይሆን የመሪው ዘንግ የታሰረበትን ቦታ ነው።

በደርግ ዘመን ፒክ አፕ ላይ ጣሪያ ተበይዶ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተገጥሞ «ውይይት» ታክሲ ሆነ። ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ስለሚቀመጥ፣ በዘመኑ በየስብሰባው ከሚሰማው ቃል ስም ወጣለት።

የእኔ ዘመን ሥራ ግን ቅጥቅጥ ነው። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቱቦላሬ ይቆማል፣ ላሜራ ተቀጥቅጦ ይለብሳል፣ ወንበር ይደረደራል፤ አውቶቡስ ሆነ። ስሙ ራሱ የእጃችንን ሥራ ይናገራል፤ በዚህ እኮራለሁ። ወንበር ለመጨመር ሻንሲው የሚረዝምበት ጊዜ ነበር። ሻንሲ ሲረዝም ቀጥ ብሎ አይቆረጥም። ሰያፍ ይቆረጣል፣ ከውስጥ ወፍራም ብረት ይደገፋል፣ ብየዳው ሥሩ ድረስ መግባት አለበት። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ክብደቱ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ይወድቃል።

አንድ ቀን ለሌላ ሥራ የመጣ ቅጥቅጥ ሥር ገብቼ ተኛሁ። ሻንሲው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። በመፈልፈያ ነካ ሳደርገው ስቱኮው ተቀረፈ። ከሥሩ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ላይ ላዩን የተበየደ መገጣጠሚያ ወጣ፤ በስንጥቁ ጥፍሬ ገባ። ወጥቼ መስታወቱን አየሁ፦ የዓመቱ ቦሎ ተለጥፏል። ሾፌሩ በማግስቱ ሰው ጭኖ ሊወጣ ነበር። መኪናውን አላስወጣሁትም፤ ባለቤቱ ተቆጣ፣ በኋላ ግን ራሱ ገብቶ አየው።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ቆይቷል። ሞተር ወይም ቀለም የቀየረ ሰው ሊብሬው ላይ ማስመዝገብ እንዳለበት ያውቃል። የፍሬን መመርመሪያ ማሽንም መጥቷል፤ ፍሬኑ በግራና በቀኝ እኩል መያዙን ይለካል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ማሽኑ ስቱኮ አይፍቅም። ለምርመራ ቀን ከጎረቤት የተዋሱትን ጎማም ከራሱ ጎማ አይለይም፤ ጎማው ማታ ለባለቤቱ ተመልሶ ሊሾ የሆነው አሮጌው ይገጠማል። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አራት ጎማ ባንዴ መግዛት የከበዳቸው ናቸው። በዚያ ጎማ የሚሳፈሩት ግን የእነሱም የእኛም ልጆች ናቸው።

መርማሪ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቅጥቅጥ ሲመጣላችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ውረዱ። ባትሪ ያዙ፣ መፈልፈያም ያዙ። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ያለውን የሻንሲ መገጣጠሚያ ሳትፍቁ ቦሎውን አትስጡ።