ስም ጥሪ፥ ከዕድር መዝገብ እስከ ቴሌግራም ቦት

የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ፥ እኛ የኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች ስለ ስም ጥሪ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ሰው በማኅበር ሲኖር «ማን አለ? ማን ቀረ?» ብሎ መጠየቁ የቆየ ነገር ነው። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የዕድር ጸሐፊ መዝገቡን ዘርግቶ ስም ይጠራል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ስለ ቀረ ብቻ ከመዝገብ የሚፋቅ የለም፤ አስቀድሞ «ታሞ ይሆን?» ተብሎ ሰው ይላክበታል። እኛ ይህን ዘንግተን ነበር።

የኮምፒዩተር ስም ጥሪ ገና ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ፊንላንዳዊ አይ.አር.ሲ. የሚባለውን የመነጋገሪያ መረብ ሠራ። በዚያ መረብ ዋናው ኮምፒዩተር በየጊዜው «ፒንግ» እያለ ይጣራል፤ «ፖንግ» ብሎ ያልመለሰ እንደ ሄደ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1993 ቻናል የሚጠብቀው ኤግድሮፕ የተባለው ቦት ተከተለ። ቴሌግራምም እ.ኤ.አ. በ2013 ተመሥርቶ፥ በ2015 ቦት ለሚሠሩ ሁሉ በሩን ከፈተ። በአገራችን ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጉ ብዙ መምህራን ማስታወሻቸውን በቴሌግራም ይልኩ ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። የትምህርት ቤታችን ቻናል አባላት በረከቱ፤ ማን እንደሚያነብ ግን አልታወቀም። ቴሌግራም ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደታየ ቁጥር ያሳያል እንጂ ያየውን ሰው ለቻናሉ ባለቤት አይነግርም፤ ቦትም የአባላቱን ሙሉ ዝርዝር ማውጣት አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል አስቀድሞ በቦቱ ዘንድ እንዲመዘገብ አደረግን። ከዚያም ቦቱ በየወሩ «አለሁ» የሚል ቁልፍ ያለበት ጽሑፍ በቻናሉ ያወጣል፤ የተጫነውን ሰው መለያ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። (ስለ «ቦታችን» ስናወራ የሰሙ አንድ አባት ስለ መሬት የምንከራከር መስሏቸው ነበር።)

ስሕተታችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ወር ዝም ያለውን ሁሉ ቦቱ ራሱ እንዲያስወጣ አዘዝነው። ከተባረሩት አንዱ ከገጠር ቀበሌ የሚመላለስ የክፍላችን ልጅ ነበር። ስልኩ የአባቱ ነው፤ አባቱ ለሥራ ይዘውት ይወጣሉ፥ ወደ ቤት የሚመለሱም እሑድ እሑድ ነው። ልጁ ቻናሉን በዚያች ቀን ያነብ ነበር፤ ቁልፉን ግን ልብ አላለውም። የፈተናው ቀን መለወጡ በቻናሉ ሲነገር እርሱ አልነበረም። ሊንኩን ቢጫን እንኳ የታገደ ስለ ሆነ አላስገባውም። ፈተናው አለፈበት።

መምህራችን ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ «ዕድራችሁ እንዲህ ያደርጋል?» ብለው ብቻ ጠየቁን። አፈርን። በዚያው ሳምንት የማስወጣቱን ትእዛዝ ከቦቱ ሰረዝን፤ ልጁም ተመለሰ፥ ፈተናውንም እንደ ገና ተፈተነ። አሁን ቦቱ ዝም ያሉትን ስም ጽፎ ለእኛ ይሰጣል፤ እኛም ለየክፍል አለቆች እናከፋፍላለን፥ እነርሱም በእግራቸው ሄደው ይጠይቃሉ።