ሞተር የማውረድ ጥበብ በምዕራብ ጎንደር ቆላ

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘችውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ባመጣ ጊዜ ነው። ወደ ጎንደር ምዕራባዊ ቆላ በብዛት የደረሰው ግን በሰላም አልነበረም። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የፋሺስት ኢጣሊያ የሞተር ጦር ከኦም ሐጀር ተነሥቶ፣ ሰቲትን ተሻግሮ፣ በዚሁ ወር በ23 ቀን ጎንደር ገባ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. የጎንደሩ ጦር እጁን ሲሰጥ ከኋላው የቀረው የተሰባበረ ካሚዮን ብቻ አይደለም፤ ኪያቤ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሪክ የሚሉት ቃላትም ቀርተዋል። ዛሬም መካኒኩ ሳያውቀው ግማሽ ቀን ጣሊያንኛ ሲናገር ይውላል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሑመራና በአካባቢው ቆላ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻ በትራክተር ሲስፋፋ፣ አብደራፊን በመሰሉ የጠረፍ ቦታዎች የሞተር ጥገና የኑሮ ጉዳይ ሆነ። ክረምት ሲገባ ዋልካው መንገዱን ይዘጋል፤ እርዳታ ከጎንደር እስኪመጣ መጠበቅ የዘር ጊዜን ማሳለፍ ነው። ስለዚህ ሞተሩ እዚያው፣ በተገኘው መሣሪያ፣ መውረድ ነበረበት።

«ሞተር ማውረድ» የሚለው አነጋገር ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። በአሮጌዋ ቮልስና ታክሲ ሆና በኖረችው ፊያት ሴቼንቶ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ በእርግጥ ወደ ታች ይወርዳል። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር በአራት ብሎን የተያያዘ ሲሆን ክብደቱ ከ100 ኪሎ ግራም ብዙ አይርቅም። ባትሪው ይፈታል፣ የቤንዚኑ ቱቦ ይደፈናል፣ ሞተሩም የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ እስኪላቀቅ ድረስ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። መኪናዋን ከፍ ያደረገው ክሪክ ግን ለማንሣት እንጂ ለመሸከም የተሠራ አይደለም፤ ከሥሯ ጠንካራ ድጋፍ ሳይገባ ማንም ሊገባባት አይገባም።

ላንድሮቨር ሌላ ነው። ወደ 200 ኪሎ ግራም የሚጠጋው ሞተሯ ወደ ላይ መነሣት አለበት፤ ኮፈኑና ራዲያተሩ ወጥተው፣ ካምቢዮው ከሥር ተደግፎ። ጋራዥ በሌለበት የሚታሰበው የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ሦስት እንጨት አናታቸው ታስሮ የሚቆም ማማ ነው። የቆላው ጠላት እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ይኸውም ምስጥ ነው። ከላይ ደህና የሚመስለው እንጨት ውስጡ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ እንጨቱ በመዶሻ እየተመታ ድምፁ ይደመጣል፤ ያን ጊዜ እንኳ የሚታመነው ከሞተሩ የበለጠ ሸክም ዝቅ ባለ ቦታ ተንጠልጥሎበት ከታየ በኋላ ነው። ዋልካው ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ይለሰልሳል። የእንጨቶቹ እግር ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ካልተነጠፈለትና እርስ በርሱ በሰንሰለት ካልተያያዘ፣ አንዱ እግር ሲሰምጥ ወይም ሲንሸራተት ሁሉም ይከተላል።

ብዙ ጊዜ ቸል የሚባለው የገመዱ ማዕዘን ነው። ሞተሩን በሁለት ወገን የያዙት ሰንሰለቶች ቀጥ ብለው ቢቆሙ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ግራም ይሸከማሉ። ከአግድም 60 ዲግሪ ሲያዘነብሉ ሸክሙ ወደ 115 ይደርሳል፤ 30 ዲግሪ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ሙሉውን 200 ይሸከማል። አጭር ሰንሰለት ያገኘ ሰው ሳያውቀው የሸክሙን ኃይል በእጥፍ ያሳድጋል።

ገመድ በቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ በሰው ጉልበት መሳብ ከሁሉ የከፋው ዘዴ ነው፤ ላብ ያረጠበው እጅ ከሸሸ ሞተሩን የሚይዘው የለም። ፓራንኮ ግን ሰንሰለቱ ቢለቀቅም በውስጡ ባለው ፍሬን ሸክሙን ባለበት ያቆማል። የተንጠለጠለውን ሞተር ይዞ ወደ ጎን መሄድም አይገባም፤ የሚገፋው ከሥሩ ያለው መኪና ነው። መኪናው ወደ ኋላ እንደተገፋ ሞተሩ ሳይዘገይ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ካርተሩ የሚፈታው በጣውላ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።